ከብዙነህ በላይ

ስመኝ ይሄነውን መጀመሪያ ያየችው ከጀርባው ነው። ከከላላ ወደ መካነ ሰላም ይሄድ የነበረው ሚኒባስ ጭቃ ይዞት ቆሞ ወንዶቹ ወርደው ገፉ። ሲመለሱ እሱ ከፊቷ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሷል።

አጠገቡ የነበሩት ሽማግሌ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «የማን ልጅ ነህ አንተ ጎበዝ?»

ልጁ በቃሉ እንዳጠናው ትምህርት ሳያቋርጥ አወረደው። «ይሄነው ብዙአየሁ፣ ተሰማ፣ ወልዴ፣ ንጋቱ፣ ብዙነህ፣ አበጋዝ።»

«ማሻ አላህ! የአቅኚው የአበጋዝ ልጅ ነሃ! አገሩን ያቀናው የሱ!»

ስመኝ ዝም ማለት ነበረባት። አላስቻላትም።

«እናንተ ቤት እናት የሚባል የለም?»

ዞሮ አያት። «ምን አልሽ?»

«ሰባት ሰው ቆጠርህ፤ ሰባቱም ወንድ ነው። ማን ወለዳቸው?»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። ሽማግሌውም «ይበልህ!» አሉና ጉልበቱን መቱት። ይሄነው ግን አልሳቀም። ዓይኖቿን ከሚገባው በላይ ቆይቶ አየና «እውነትሽን ነው፤ ስማቸውን አላውቅም» አለ። አንድ ወጣት ወንድ በሰው ፊት አላውቅም ሲል ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ቀሪውን መንገድ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ሄደች፤ ምን እንዳየች ግን ብትጠየቅ አታስታውስም።

ሁለቱም የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሆናቸውን ያወቁት ከመናኸሪያው አንድ ባጃጅ ሲሳፈሩ ነው። እሱ የታሪክ ተማሪ ነው። የእሷም ዋና ትምህርት የአገር ታሪክ ነው፤ ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂን ደግሞ በንዑስነት ይዛለች።

ሁለቱ ትምህርቶች ተማሪዋን በየፊናቸው ይጎትቷታል። የታሪክ መምህሯ «ምን ሆነ? በምንስ አወቅሽ?» ይሏታል። የአንትሮፖሎጂ መምህርቷ ደግሞ «ሰዎቹ ሆነ የሚሉት ምንድን ነው? እንዲያ እያሉስ ምን ያደርጋሉ? ማን የት እንደሚቀመጥ እዪ» ትላታለች። ይሄነው የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ያውቃል። ምንጭ የሌለው ወሬ ነው፣ እውነቱ ይውጣና የመጣው ይምጣ ባይ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትይዩ ተቀምጠው በሹክሹክታ እየተከራከሩ፣ ቆሎ ከአንድ ወረቀት እየዘገኑ ብዙ ከሰዓት አሳለፉ።

አንድ ቀን ቀና ስትል ገጹን ሳይገልጥ ሲያያት ደረሰችበት።

«ምን ታያለህ?»

«ምንጭ እየመረመርኩ ነው።»

«ይታመናል?»

«እንጃ። ደጋግሜ ማየት አለብኝ።»

ፊቷን ወደ መጽሐፏ መለሰች። አንድ መስመር አራት ጊዜ አነበበችው፤ አልገባትም።

በሁለተኛው ዓመት የይሄነው አያት አቶ ተሰማ ሞቱ። የክፍል ጓደኞቹ አይሱዙ ተከራይተው ከከላላ ማዶ ወዳለው መንደራቸው ለለቅሶ ሄዱ። ስመኝ እንደ ለመደችው ማን የት እንደ ተቀመጠ አየች። የሟች ሴት ልጆችና እህቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ጥቁር ሻርፕ የተከናነቡ አንዲት ሙስሊም እናት አሉ። ሙስሊም ጎረቤት የክርስቲያን ለቅሶ መድረሱ እዚህ አገር ማንንም አያስገርምም። እሷን ያስገረማት ቦታው ነው። ጎረቤት ዳር ይቀመጣል፤ እኚህ ሴት ግን የተቀመጡት ከዘመድ መሐል ነበር። አስከሬኑ ሲወጣ ደረታቸውን እየደቁ «ወንድሜን! ያባቴን ቤት!» ብለው ሲጮኹም ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም።

«ማን ናቸው?» አለችው ይሄነውን በኋላ።

«እትዬ ኸዲጃ። ከላላ ሱቅ አላቸው። ሁሌም ይመጣሉ።»

«ለምን?»

«ሁሌም ይመጣሉ አልኩሽ እኮ።»

ሐዘን ላይ ያለን ሰው አላደከመችውም፤ ተወችው።

በመጨረሻው ዓመት ከጥምቀት በኋላ የይሄነው አባት አቶ ብዙአየሁ ሽማግሌ ላኩ። ስመኝን ያሳደጓት የእናቷ ታላቅ ወንድም አያ አሳምነው ናቸው። አባቷ በልጅነቷ ሞቷል፤ እናቷ ዝናሽ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። አያ አሳምነው ከመካነ ሰላም ወጣ ባለው መንደራቸው ጋብቻ ሲታሰብ ዘር የሚቆጥሩ ሰው ናቸው። ሰባት ቤት ያልራቀ አይጋባም፤ መቁጠሪያውም ጣታቸው ነው።

ስመኝ ጓዳ ሆና በመጋረጃው ቀዳዳ ታያለች። የሽማግሌዎቹ ታላቅ አቶ በላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በአባቷ በኩል አስቆጥረናል። ከይሄነው ቤት ጋር የትም አይገናኝም።»

«በአባቷ» አሉ አያ አሳምነው። «እናቷስ ከሰማይ ወረደች?»

ያን ጥያቄ ስመኝ ራሷ ሚኒባስ ውስጥ ሰው ፊት ጠይቃዋለች። የእናቷን ቤት ወደ ላይ ቆጥራ ግን አታውቅም። ሁለት የታሪክ ተማሪዎች ለዓመታት ሲዋደዱ የተጠያየቁት የአባት ስም ብቻ ነው።

አያ አሳምነው አውራ ጣታቸውን በጣታቸው አንጓ ላይ እያሳለፉ ቆጠሩ። «ዝናሽ። እናታችን ጥሩነሽ። አባቷ ካሳዬ። የካሳዬ እናት የሺእመቤት። አባቷ ደምሴ። የደምሴ አባት አበጋዝ።» ቀና አሉ። «በዚያ በኩል ብዙአየሁ፣ ተሰማ፣ ወልዴ፣ ንጋቱ፣ ብዙነህ፣ አበጋዝ። ደምሴና ብዙነህ ወንድማማች ናቸው። ስድስተኛ ቤት ላይ ተገናኙ፤ ሰባት አልሞላም። ልጆቹ እህትና ወንድም ናቸው።»

ማንም አልተከራከረም። በቆጠራ ላይ ክርክር የለም። አቶ በላይ «እግዜር ያላለው ነው» ብለው ተነሡ።

ስመኝ ለእናቷ ደወለች።

«ስድስተኛ ቤት?» ጮኸች ዝናሽ ከሪያድ። «እዚህ የማገለግላቸው ሰዎች የአጎት ልጅ ከአጎት ልጅ ተጋብተው ሰባት ወልደዋል!»

«እሺ ይህንኑ ለአያ አሳምነው ንገሪልኝ።»

«ለወንድሜ? ኧረ እኔ በምን አፌ!» ከዚያ ቀስ ብላ «የወረኢሉውስ ሰውዬ? ከዐረብ አገር ገንዘብ ይዞ ገብቷል፤ አይሱዙ አለው አሉ» አለች።

«ይኑረው።»

የወረኢሉው ሰው በእርግጥ ሽማግሌ ልኮ ነበር። አያ አሳምነው ዐቢይ ጾም ሳይገባ መልስ እንደሚሰጡ ተናግረዋል። ዐቢይ ጾም ደግሞ እየቀረበ ነው።

ስመኝ አለቀሰች። ልቅሶዋ ሲያልቅ ግን ሐሳቧ ወደ አንድ ነገር እየተመለሰ አስቸገራት፤ ወደዚያ የለቅሶ ረድፍ። ለእያንዳንዱ ሰው ቦታ የሚለይ አገር ለእትዬ ኸዲጃ ከዘመድ መሐል ቦታ ሰጥቷል። በከንቱ አይሰጥም። በገበያ ቀን ከላላ ሄደች።

እትዬ ኸዲጃ ሽርጥና ሳሙና በደረደሩበት ሱቃቸው ውስጥ ነበሩ። «ግቢ ልጄ፣ አብሽሪ፣ ተቀመጭ» አሏት።

«እትዬ ኸዲጃ፣ ጋሽ ተሰማ ምንዎ ነበሩ?»

«ወንድሜ።»

«በምን በኩል?»

ሴትዮዋ መልሰው አዩዋት። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«የዝናሽ። የአያ አሳምነው የእህት ልጅ ነኝ።»

«አሃ፣ ይሄነው ሊያገባት የነበረችው።» የሱቁን መጋረጃ ሳቡት። «ክፉ ቀን የሚሉትን ዘመን ታውቂዋለሽ፤ ተማሪ አይደለሽ?»

«ከብቱ ያለቀበት፣ ሰው በየመንገዱ የወደቀበት።»

«ያኔ ከእኛ ቤት ሁለት ወንድማማች ብቻ ተረፉ። ታላቅየው ተሰደደ፤ እኔ የሱ ዘር ነኝ። ታናሹን ሕፃን አባቱ ተሸክሞ አበጋዝ ደጅ አስቀመጠውና ሄደ። እዚያው ሳይርቅ ሞተ ይላሉ። አበጋዝ ሽማግሌ ሰበሰበ፣ ቄስ ጠርቶ አስጠመቀው፣ ጡቱን ማር ቀብቶ ሕፃኑን አጠባው። ብዙነህ ብሎ ስም አወጣለት።»

ስመኝ ሳታውቀው ተነሥታ ቆማለች። «የጡት ልጅ! ታዲያ እናንተ ሙስሊሞች ዘንድ ጡት ዝምድና አይደለም እንዴ?»

«የሴት ጡት ሲሆን ነዋ! ወንድ ልጅ ምን ወተት አለው? ማር ነው የጠባ፣ ማር!» እትዬ ኸዲጃ በራሳቸው ነገር ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። «ተቀመጭ፤ አትቸኩይ። አበጋዝ ያን ቀን ምሏል። ከእኔ አብራክ የወጣ፣ እስከ ዘር ማንዘሬ፣ ይህን ልጅ ባዕድ ነው ያለ ዘሩ አይባረክ ብሏል። መሐላው በገዛ ደሙ ላይ ነው። አንቺ ደሙ ነሽ። ከአንቺ አፍ እንዳይወጣ።»

«አያ አሳምነው ያውቃሉ?»

«እሱ ሳያውቅ! እያወቀ ነው ስድስት ያለው። ምን ያድርግ፤ እሱም ደሙ ነው።»

«እነ ይሄነው ቢናገሩስ?»

«እነሱን ያስማላቸው የለም። ተሰማ ያውቅ ነበር፤ ብዙአየሁም ሳይሰማ አልቀረም። ግን ልጄ፣ ማን በገዛ እጁ ቤቱን ያፈርሳል?»

ስመኝ ማለታቸው ገባት። አቶ ብዙአየሁ በደብሩ ንግሥ ቀን ከሽማግሌዎች ቀድመው የሚቀመጡት የአበጋዝ ልጅ ስለሆኑ ነው። አባቶቻቸው የተቀበሩት ከአበጋዝ ጎን ነው። በዚህ ዘመን መጤ የሚለው ቃል አንዴ ከተለጠፈ ሰውን ከማሳው የሚያስነሳ ቃል ነው። ታሪክ ብቻ ብትማር ኖሮ እውነቱን አግኝታለችና ደስ ይላት ነበር።

ይሄነውን ከግቢው አጥር ሥር ካለው ባሕር ዛፍ አጠገብ አገኘችው። ከስቷል።

«ከላላ ሂድ» አለችው። «እትዬ ኸዲጃ ለምን ከዘመድ ረድፍ እንደሚቀመጡ ጠይቃቸው።»

«አንቺ ጠይቀሻል?»

«ጠይቄያለሁ።»

«እና?»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ስመኝ! ለኛ የሚሆን ነገር ነው?»

«ልነግርህ አልችልም።»

«ፊትሽ ላይ እያየሁት እኮ ነው።»

«አትየው» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ሂድ ብቻ።»

ሄደ። ከዚያ በኋላ ግን ሸሻት። ክፍል ውስጥ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ትምህርቱ ሲያልቅ ቀድሞ ይወጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አባቱ ይሄዳል፤ ሰኞ እጁ ተልጦ ይመጣል። እሷም አልጠየቀችውም። ልትጠይቀው ፈልጋ ምላሷን የነከሰችባቸው ቀናት ነበሩ፤ አንድ ቃል ብትገፋው ሸክሙ ወደ እሱ እንደሚያዘነብል ታውቃለች።

በመጨረሻ እሱ ራሱ መጣ። ባሕር ዛፉ ሥር፣ ሳይቀመጥ።

«ሄጄ ሰማሁ። አባቴንም ጠየቅሁት፤ እያረሰ ነበር። ቀና ብሎ አላየኝም። ‹አባቴ ሊሞት ሲል አንድ ነገር ነግሮኛል፤ አንተም እኔ ልሞት ስል ትሰማለህ› አለኝ። በሬውን መታና ሄደ።»

ስመኝ መሬት መሬት አየች።

«ተናገር በይኝ» አለ። «ነገ ሽማግሌ ሰብስቤ እናገራለሁ።»

«አልልም።»

«እሺ ተወው በይኝ።»

«እሱንም አልልም።»

«ታዲያ ምን ትያለሽ?»

«እወድሃለሁ እላለሁ። ከዚያ ሌላ የምለው ሁሉ የሰው ቤት ያፈርሳል።»

ይሄነው ከዛፉ ላይ ቅርፊት ላጠ። «እውነቱ ይውጣ፣ የመጣው ይምጣ እል አልነበር? አሁን ምን ነካኝ?»

«ያኔ የምትመረምራቸው የሌላ ሰው አያቶች ነበሩ» አለችው።

ሳቅ ሊለው ነበር፤ አልወጣለትም። ሊነካት እጁን ዘረጋና መልሶ ኪሱ ከተተው፤ በቆጠራው መሠረት እስካሁን እህቱ ናት። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ነገሩ አልተነጋገሩም።

የወረኢሉው ሰው ሽማግሌዎች መልስ ሊወስዱ በተቀጠሩበት ቅዳሜ፣ እነሱ ሳይደርሱ፣ በቅሎ የተቀመጡ ሰው አያ አሳምነው ደጅ ቆሙ። አቶ ብዙአየሁ ናቸው። አቶ በላይ ተከትለዋቸዋል፤ ልጓሙን የያዘው ይሄነው ነው። የልጁ አባት ራሱ ለጋብቻ ነገር አይመጣም፤ ሽማግሌ ነው የሚልከው። ስመኝ ይህን ስታይ የጓዳውን ግድግዳ ያዘች።

ይሄነው ከውጭ ቀረ። አባቱ በሩ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ተቀመጡ።

«መልሱን ሰምተህ የለም እንዴ ብዙአየሁ?» አሉ አያ አሳምነው።

«ሰምቻለሁ። የምጨምረው ስላለ ነው።»

አያ አሳምነው እጃቸውን አነሡ። «ቆይ። ከመናገርህ በፊት። እዚህ ያለው ሁሉ ጆሮ አለው። ነገ ገበያ ይወጣል።»

«አውቃለሁ።»

«በንግሥ ቀን ያለህ ቦታስ? መቃብሩስ?»

«አያ አሳምነው፣ አውቃለሁ አልኩዎት እኮ።» ወደ በሩ ተመለከቱ። «ልጄ አንድ ቀን ጠየቀኝ። ሁለተኛ አልጠየቀኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ያግዘኛል፤ ውሎ ይሄዳል፤ ስለዚያ ነገር ትንፍሽ አይልም። ቢለምነኝ እምቢ ብዬው እገላገል ነበር። ዝም ሲለኝ ግን አቃተኝ።»

ውጭ በቅሎዋ ስታናፋ ተሰማ።

«እኔ ብዙአየሁ ተሰማ የብዙነህ ዘር ነኝ። ብዙነህን አበጋዝ አልወለደውም። ከነኸዲጃ ቤት በክፉ ቀን የመጣ ልጅ ነው። አበጋዝ ማር አጥብቶ ነው ያሳደገው።»

የአቶ በላይ አፍ ተከፍቶ ቀረ። አሁን ሁሉም የሚያዩት አያ አሳምነውን ነው። ስመኝ መጋረጃውን በሁለት እጇ ጨብጣለች። አጎቷ «አዎ» ቢሉ የአበጋዝን መሐላ ያፈርሳሉ። «ሐሰት ነው» ቢሉ ቤታቸው መጥቶ የተራቆተን ሰው ውሸታም ያደርጋሉ።

«በዚህ ላይ እኔ የምለው የለኝም» አሉ በመጨረሻ። «ሊኖረኝም አይችልም።»

አቶ ብዙአየሁ አንገታቸውን ደፉ። ሁሉን ከፍለው ምንም ያላገኙ መስሏቸው ነበር።

አያ አሳምነው ግን ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አውራ ጣታቸውን የመጀመሪያው አንጓ ላይ አኖሩ።

«ይሄነው» አሉ ቀስ ብለው። «ብዙአየሁ። ተሰማ። ወልዴ። ንጋቱ። ብዙነህ።»

አውራ ጣቱ እዚያ ቆመ። ሰው ሁሉ የሚቀጥለውን ስም ጠበቀ። አያ አሳምነው እጃቸውን ጨበጡና ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት።

«ይቀጥሉ እንጂ አያ አሳምነው» አሉ አቶ በላይ።

«ደከመኝ።»

«ምን አሉ?»

«ሽማግሌ ነኝ፣ በላይ። ደከመኝ። ከዚህ በላይ መቁጠር አልችልም። ሠርጉን ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አድርጉት፤ ዝናሽ ፈቃድ አግኝታ እንድትደርስ።» ወደ በሩ ዞሩ። «አንተ ደግሞ እዚያ በር ላይ ምን ያስቀምጥሃል ወንድሜ? ወደዚህ ጠጋ በል።»

ወንድሜ ሲሏቸው አቶ ብዙአየሁ ቀና አሉ። አያ አሳምነው ራሳቸው ተነሥተው በክንዳቸው ደግፈው ከጎናቸው አስቀመጧቸው።

ስመኝ በጓሮ በር ወጣች። ይሄነው አጥሩ ጥግ ቆሟል፤ ከውስጥ አንድም ቃል አልተሰማውም።

«ምን ተባለ?»

«አባትህ ተናገሩ።»

ዓይኑን ጨፈነ። ገበያው ላይ ከነገ ጀምሮ የሚወራውን፣ በንግሥ ቀን ማን ማንን እንደሚገላምጥ ሁለቱም ያውቃሉ። ያን ሁሉ አብረው ሊያዩት ነው። ስመኝ እስክትደርስበት ተጠጋችና፣ ሰው ቢያይም ባያይም ግድ ሳይላት፣ የተላጠ እጁን ያዘች። ይሄነው ደነገጠ።

«አያ አሳምነውስ? ምን አሉ?»

«ምንም አላሉም» አለች። እየሳቀች ነበር፤ እንባዋም ይወርዳል። «ምንም አላሉም፣ ይሄነው።»

እጇን አየ፤ ፊቷን አየ። ቀስ እያለ ገባው። የበቅሎዋ ልጓም ከሌላው እጁ ወደቀ።